እኔ ሉካ ሳለሁ

ጣሊያን አገር ውሰዱኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ያሰበችው ልጄ ራኬብ ናት። እሷና ባሏ በረከት ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሞላቸው። ይህንን ለማክበር ሉካ በምትባል አሮጌ ከተማ አንድ ሳምንት ሊያርፉ ተነሱ። «እርስዎም አብረውን ይሄዳሉ» አለችኝ። ሽማግሌ አባቱን አስከትሎ የጋብቻውን ዓመት የሚያከብር ሰው አይቼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት።

«ብቻዎን ትቼዎት አልሄድም» አለች።

ጠባችን ከዚህ ይጀምራል። ባለፈው ጥር በረዶ በጣለ ማግስት ከቤቴ ደረጃ ላይ ወደቅኩ። አጥንቴ አልተሰበረም። ክንዴ ጠቆረ፣ ጉልበቴ አበጠ። ያነሳኝ ንዋይ ነው። ንዋይና እኔ አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ በር ለበር ነው የምንኖረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራኬብ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቤቴን ለቅቄ ሊልበርን፣ እሷ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እንድገባ።

ምድር ቤቱን አድሳዋለች። ምንጣፍ አለው። የራሱ መታጠቢያ አለው። ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ አለ። ክፉ ቤት አይደለም። ግን ከዚያ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ የለም። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መኪና መንዳት ትቻለሁ። ሊልበርን ከገባሁ ሰው ካልወሰደኝ አልወጣም። ክላርክስተን ሱቅ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ስመለስ በሬን በራሴ ቁልፍ እከፍታለሁ።

አልገባም አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ። አልገባም አልኳት። የኪራይ ውሌ ኦገስት መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ላድሰው አስቤያለሁ ብዬም ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። የተቀበለችኝ መሰለኝ። ጣሊያን እሄዳለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ በአንዱ እምቢ ካልኩ በሌላው እሺ ልበላት ብዬ።

ንዋይ ስነግረው ሳቀ።

«እነሱ ስንት ጊዜ መጡብን፤ አንተ አንድ ጊዜ ሂድባቸው» አለ።

አየር ማረፊያ የወሰደን ልጄ አሸብር ነው። የመኪናው የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ታጥፏል። እዚያ ላይ ያልተከፈቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል፣ ጠፍጣፋ እንደሆኑ። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ሰው መኪናው ውስጥ ምን እንደያዘ ሳላይ አላልፍም።

«ካርቶኑ ለምንድነው?» አልኩት።

«ለሥራ ነው፣ አባባ።»

አሸብር መድኃኒት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ካርቶን አይገዛም። ግን አልተመለስኩበትም።

አየር ማረፊያው በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ የምትጠብቅ ሴት አገኘን። የኛው ሰው ናት፤ ደረቷ ላይ ኤልፍነሽ የሚል ስም ተለጥፏል።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«እግር አለኝ።»

«አየሁት እግርዎን። ግን ልጅዎ በስምዎ አዛለች።»

ራኬብ ክንዴን ያዘች። «አባባ፣ ሁሉም ሰው ለወላጁ ያዛል። ወረፋ አይቆሙም። ፍተሻውንም ቶሎ ያሳልፉዎታል።»

እውነቷን ነው። የኛ ሰው ይህን ያደርጋል። ጤፍ በጆንያ የምትሸከም እናት አየር ማረፊያ ስትደርስ እግር እንደሌላት ትገፋለች፤ ቋንቋ ስለማታውቅ እንዳትጠፋ ተብሎ። እኔ ግን ቋንቋውን ለራሴ የሚበቃኝን ያህል አውቃለሁ፣ መንገዱም ጠፍቶኝ አያውቅም።

ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። «እሱን ግፊልኝ» አልኳት።

ኤልፍነሽ ሳቀች። «ከእርስዎ ቦርሳዎ ይሻላል፤ አይከራከርም» አለችና እየገፋችው አጠገቤ ሄደች። ራኬብ አልሳቀችም።

ሉካ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ግንቡን ከሥሩ ሲያዩት ከፍ ያለ ቀይ ጡብ ነው። ሲወጡበት ግን አውራ ጎዳና ያህል ሰፊ ነው። ግራና ቀኝ ትላልቅ ዛፎች በቅለውበታል። ሰው ይሮጥበታል፣ በብስክሌት ይሄድበታል፣ ሕፃን በጋሪ ይገፋበታል። ከተማውን ዞሮ እዚያው የተነሳበት ይመልሳል። ራኬብ ከስልኳ እያነበበች ነገረችን፤ ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ጠላት መጥቶ አልተዋጋበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ያን ጊዜ በሮቹን ዘግተው ጎርፉን ውጭ አስቀሩት።

ሁለት ቀን ዞርን። ዛፍ የበቀለበት የጡብ ማማ አየን። ቤቶቹ ክብ ሠርተው የቆሙበት አደባባይ አየን። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ሰዎቹ አዩኝ፤ እኔም ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። በረከት ፎቶ ያነሳል። ራኬብ ስልኳን ታያለች። በየሰዓቱ ታያለች። ሆስፒታል ስለምትሠራ ከዚያ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ሆነ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። «እናንተ ብሉ፤ እኔ ግንቡ ላይ እቀመጣለሁ» አልኳቸው። ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር አገኘሁ። ከዚያ ላይ የሰው ጓሮ ይታያል። አንዲት አሮጊት አንሶላ ታሰጣለች። አንድ ሽማግሌ ቲማቲሙን ያጠጣል። አጠጥቶ ሲጨርስ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

ብዙ ሳይቆይ ራኬብ መጣች። ምሳዋን ለበረከት ትታው ነው።

«ሙቀቱ በዛ። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«ውሃ ይጠጡ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

ልትከራከር ስትል ስልኳ ጮኸ። ፊት የሚያሳየው ጥሪ ነው። አነሳችው። እዚያ አትላንታ ገና ጠዋት ነው። የአሸብር ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ።

«ራኪ፣ ይሄ ሶፋ ይጣል ወይስ ይምጣ?»

ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ፈጥናለች። ግን አይቼዋለሁ። ከአሸብር ጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር። ታችኛው ጠርዙ ጠማማ ነው። ባለቤቴ አፀደ ከማረፏ በፊት በእጇ የሰፋችው ነው።

«አምጪው» አልኳት።

«አባባ፣ ላስረዳዎት…»

«ስልኩን አምጪው።»

ሰጠችኝ። የአሸብር ግንባር በላብ ርሷል።

«አባባ! እንዴት ነው ጣሊያን?»

«የት ነህ?»

ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ቤቴ ነህ» አልኩት።

«ሰርፕራይዝ ልናደርግዎ እኮ ነው። ሲመለሱ ሁሉ ነገር ሊልበርን ተዘጋጅቶ…»

«ያነሳኸውን አስቀምጥ።»

«ትራኩን እኮ ለዛሬ ብቻ ነው ሬንት ያደረግነው። ከራኬብ ጋር ይነጋገሩ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አባባ።» ዘጋው።

ራኬብን አየኋት። እሷ ጓሮ ውስጥ ያለውን አንሶላ ታያለች።

«የሕንፃዎ ኦፊስ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «የኪራይ ሊዙን አናድስም ብያለሁ።»

«በማን ስም?»

«በእርስዎ።»

ተነሳሁ። ስልኩ በእጄ ነው። ግንቡን ይዤ መሄድ ጀመርኩ።

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ልዞረው ነው።»

«አባባ፣ በዚህ ፀሐይ? ሳይበሉ? ስልኬን እንኳ ይስጡኝ!»

አልሰጠኋትም። ስልኳ ውስጥ የንዋይን ቁጥር ፈለግኩ። እዚያ አለ። እኔ ብወድቅ እንዲደውልላት ብላ ራሷ ተቀብላው ነው ያስገባችው። ደወልኩ።

«ራኬብ! ምን ሆነ? ሞተ እንዴ?» አለ ንዋይ።

«አልሞትኩም።»

«ሰርፀ! ታዲያ በልጅህ ስልክ ምን ትሠራለህ፤ ልቤን አቆምከው እኮ።»

«በርህን ክፈትና የኔን በር እይ።»

ነጠላ ጫማው ሲጎተት ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ቆየ።

«ክፍት ነው» አለ። «አሸብር ውስጥ ነው። አንድ ወዳጁ ቁም ሳጥንህን ይዞ ደረጃ ይወርዳል። ምን ጉድ ነው? አንተ ታውቃለህ?»

«አሁን አወቅኩ። ሊልበርን ሊያስገቡኝ ነው።»

«ሳይነግሩህ?»

«ሳይነግሩኝ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ወንበር አውጣና በሬ ላይ ተቀመጥ።»

«ደፉ ላይ?»

«ደፉ ላይ። ማንም አይግባ፣ ምንም አይውጣ።»

«ቁርሴን አልበላሁም እኮ።»

«ፍልሰታ ነው፤ ቁርስ የለህም።»

«አንተ ሰው፣ ከጣሊያን ሆነህ ታስጾመኛለህ» አለ። ወንበሩን ሲጎትት ሰማሁት።

አሸብርን አውቀዋለሁ። ጉልበት አለው። ሶፋ ብቻውን ያነሳል። ፖሊስ ቢመጣ ይከራከራል። ግን በር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ተሻግሮ አያልፍም። ያውም ንዋይን። አሸብር ሊያገባ ሲል ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት ንዋይ ነው። የልጅቷ አባት እምቢ ብሎ ነበር። ንዋይ ሦስት ጊዜ በሰው በር ቆሞ፣ ተቀመጥ ሲባል ሳይቀመጥ፣ ልጅቷን ለምኖ አስገኝቶለታል። በር ላይ እንዴት እንደሚቆይ አሸብር በዓይኑ አይቷል።

ሄድኩ። ራኬብ ከኋላዬ ናት። ለሽርሽር የገዛችው ቀጭን ጫማ መሬቱን ያጮኸዋል።

«የሚያሳዝነኝ ምን መሰለዎት? ክፉ ያደረግኩብዎ ነው የሚመስልዎት።»

«አዎ።»

«አዎ?»

«አድርገሽብኛል።»

ደረሰችብኝ። ጎን ለጎን ሆንን። ብስክሌት የያዙ ልጆች ደወል እያሰሙ በመሃላችን አለፉ።

«እኔ ሥራዬ ላይ የማየውን እርስዎ አያዩም» አለች። «በየሳምንቱ ይመጣል። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። ወድቆ፣ ወለል ላይ ስንት ቀን ቆይቶ። ጎረቤት ሸትቶት ነው የሚገኘው። ልጁ ጋር የምደውለው እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር ያውቃሉ? እኔ አውቀዋለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ ቀን ያንን ለኔ የሚለኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ይህንን ነግራኝ አታውቅም። እየሄድኩ ሰማኋት።

«ልክ ነሽ» አልኩ። «እንደዚያ ሊሆን ይችላል።»

«እና?»

«እና ቤቴ ነው።»

«ሞኝነት ነው!»

«ይሁን። የኔ ሞኝነት ነው። አንቺ ጠየቅሽኝ። አልገባም አልኩሽ። መልሴን ሰምተሻል። ስላልወደድሽው ጣሊያን አመጣሽኝ።»

ጫማዋ ብቻ ይሰማል።

ግማሽ ያህል ስንሄድ ጉልበቴ ጀመረኝ። ያው የወደቅኩበት ነው። እግሬን ቀጥ አድርጌ ለመርገጥ ሞከርኩ። አፌ ደርቋል። ግንቡ የሚዞርበት ቦታ ላይ ወደታች የሚያወርድ መንገድ አለ፤ ከሥሩ በር ይታያል፤ በሩ አጠገብ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠጣሉ። አየሁትና አለፍኩት።

ስልኩ ጮኸ። አሸብር ነው።

«አባባ፣ ጋሽ ንዋይ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።»

«እና?»

«ይነሱልኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ነጠላ ለብሰው ነው የመጡት! እኔ ውስጥ ቀርቻለሁ። ጓደኛዬ ውጭ ነው። የወጣው መግባት አልቻለም፣ ያልወጣው መውጣት አልቻለም። ሶፋው መሃል ቆሟል።»

«ተሻግረሃቸው ውጣ።»

«አባባ!»

«ምነው? አንድ ሽማግሌ ናቸው።»

«ጋሽ ንዋይን? እንዴት አድርጌ? ምን ይላሉ እርስዎ?»

«የኔን ቤት ስትገባ አልከበደህም።»

ከኋላው የንዋይ ድምፅ መጣ። «ንገረው! እስከ ማታ እቀመጣለሁ ብሏል በለው! ደግሞ ትራስ አቀብለኝ፣ ይሄ ወንበር ጠንካራ ነው!»

«ትራስ አቀብላቸው» አልኩት አሸብርን። ስልኩን ዘጋሁት።

ዞር ስል ራኬብ የለችም። ወደኋላ ቀርታ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃዋለች። ተረከዟ ተልጦ ደምቷል። ተመልሼ አጠገቧ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ ያለ ሰው እጅ እንደማልነሳ አውቄዋለሁ። እሷም አወቀች። ጉልበቴን እያየች ነበር።

«ያመዎታል።»

«ያመኛል።»

«ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም።»

ሳቀች፤ ወይም ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። እጇን ዘረጋች።

«ስልኬን ይስጡኝ።»

«ምን ልትይ?»

«ይስጡኝ፣ አባባ።»

አየኋት። ውሸት ስትናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ግራ ታያለች። አሁን የምታየው እኔን ነው። ሰጠኋት።

ደወለች። «አሸብር፣ መልሰው» አለች። «ሁሉንም። ሶፋውንም። … አዎ፣ አውቃለሁ ምን እንዳልኩህ። … አውቃለሁ ከሥራ ፈቃድ እንደወሰድክ። ጋሽ ንዋይን ይቅርታ ጠይቃቸውና ይነሱልህ፣ ከዚያ መልሰው። መጋረጃውን እንዳትነካ፤ ነክተህ ከሆነም እንደነበረ ስቀለው።» ዘጋች።

ጫማዋን በእጇ ይዛ ተነሳች። ወደኔ ሳታይ ተናገረች።

«አልተስማማሁም። ይወቁት።»

«አውቄዋለሁ።»

«በየቀኑ እደውላለሁ። ካላነሱ ፖሊስ እልካለሁ። እንዳይቆጡ።»

«እቆጣለሁ።»

«ይቆጡ።»

በዚያ መውረጃ በኩል እንውረድና ታክሲ እንያዝ አለች። የቀረውን እጨርሰዋለሁ አልኳት። ባዶ እግሯን አብራኝ ሄደች። ግንቡ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ሣሩ ሣሩን ትረግጣለች። ከተነሳሁበት አግዳሚ ወንበር ስንደርስ በረከት የታሸገ ምግብ ይዞ ቆሟል። የሆነውን ሁሉ ከፊታችን አነበበው መሰለኝ፤ ምናልባትም ሁሉንም አስቀድሞ ያውቃል።

«አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆየ» አለ ዝቅ ብሎ። «አይብ የሌለበት ነው። ሁለቴ ጠይቄያቸዋለሁ።»

ተቀብዬው ቆሜ በላሁ።

ከተመለስን በኋላ የመጀመሪያው ሰኞ ራኬብ ክላርክስተን መጣች። ሥራ ገቢ ነበረች፤ የሆስፒታል ልብሷን ለብሳለች። የሕንፃው ኦፊስ አብረን ሄድን። ንዋይም ማንም ሳይጠራው መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ኃላፊዋ አሜሪካዊት ናት። ሰላም አለችኝና ለቅቀው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር አለች። እኔ መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩም። በስሜ ለቅቋል ያለችው ራኬብ ናት። አልለቀቀም የምትለውም እሷ መሆን አለባት።

ራኬብ ጠበቀችኝ። እኔም ጠበቅኳት።

«ተሳስቼ ነው» አለች በመጨረሻ በእንግሊዝኛ። «አባቴ አልለቀቀም። እዚሁ ይኖራል።»

ሴትየዋ ችግር የለም አለች። ለስንት ጊዜ እንደሚሆን ጠየቀች። ራኬብ ወደኔ ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስድስት ወር ልበላት? በስድስት ወር እንየውና ከዚያ…»

«ሁለት ዓመት በያት።»

«አባባ፣ እነዚህ ሁለት ዓመት አይሰጡም።»

«ጠይቂያታ።»

ከበሩ በኩል ንዋይ አሳለ። ራኬብ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞራ ሁለት ዓመት አለቻት፣ አጥርታ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ዕድሜዬን የምታሰላ መሰለኝ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ታስላ።